ኳስ የሚወድ ሰው ይጸድቃል ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንኳን ለሊቀ መላእክት ለቅዱስ ገብርኤል በዓል አደረሳችሁ። ትንሽ ዘግይቻለሁ። ከቁልቢ የተመለሳችሁ ሁሉ እስካሁን አርፋችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዛሬው ርዕስ የእኔ አይደለም። ለቅሶ ቤት የሰማሁት ጥያቄ ነው። እዚህ ድሬ ብዙ ሰው የሚወደው አንድ ወንድማችን በድንገት አረፈ። ድንኳን ተጣለ፣ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ያወራሉ። ሁለቱም የማኅበር ልጆች ናቸው፤ አገልጋዮች። አንደኛው «ሰውዬው እኮ ኳስ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሑድ ከሰዓት ብትፈልገው ስታዲየም ነው» አለ። ሌላኛው ተቀበለና «ቁልቢም የሚሄደው ለሽርሽር ነው፤ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ምሳ ቋጥሮ» አለ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ «እንዲህ ያለ ሰው ግን ይጸድቃል ወይ?»

ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ተዝካሩ ባለፈው ሳምንት ወጥቷል፤ አሁን ልናገር።

ማን እንደሚጸድቅ የሚያውቅ ፈራጁ ብቻ ነው። ሐዋርያው «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ? እርሱ ቢቆም ወይም ቢወድቅ ለገዛ ጌታው ነው» ይላል (ሮሜ 14፥4)። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ጥያቄው ከሐሜት አልፎ ሌላ በሽታ ያሳያል። ቅድስና ማለት ምን እንደሆነ የተምታታብን ይመስለኛል። ስለዚህ ስለዚህ ሰው ትንሽ ልንገራችሁ።

ስሙን አልጠራም። ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም፤ እሱም ቢሆን በሕይወት ቢኖር «አቦ ተወኝ!» ነበር የሚለኝ። የምድር ባቡር ልጅ ነው። አባቱም እሱም እዚያው ሠርተዋል። አሮጌው ባቡር ሲቆም ጋራዥ ገባ። ሚስት፣ አራት ልጆች፣ የኪራይ ቤት። ሀብቱ ይኸው ነው።

ኳስ ይወድ ነበር? አዎ፣ በጣም። በ1968 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ላይ ሲካሄድ አንዱ ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። ዋንጫውን ይዛ የሄደችውም ድሬ ላይ የተጫወተችው ሞሮኮ ናት። እሱ ያኔ ልጅ ነበር። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየውን ጨዋታ ሲያወራ፣ ትናንት የሆነ ነበር የሚመስላችሁ። ኳስ በዚያን ጊዜ ልቡ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። ከጋራዥ ሲወጣ ልብሱን ቀይሮ የሰፈሩን ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያጫውት ነበር። ሴት ልጁንም አብሮ። «ሴት ልጅ ኳስ ታስጫውታለህ?» ሲሉት «እግር ሰጥቷታል እኮ» ይላል።

መንገድስ? እሱንም ይወድ ነበር። ከደመወዙ ትንሽ ትንሽ እያስቀረ፣ ሲሳካለት በዓመት አንዴ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ አሰቦት፣ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም ወዳለበት ደብረ ወገግ። ሌላ ጊዜ ብዙ ዓመት አጠራቅሞ ላሊበላ። ልጆቹ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በየስማቸው ይጠሩላችኋል። ገንዘብ ባጠረ ዓመት ደግሞ ሐረር ድረስ ብቻ። መድኃኔዓለምን ተሳልመው፣ ጀጎልን ከበር በር እየዞሩ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቁልቢ ግን አይቀርም። ደንገጎን ሲወጡ ከመኪና አስወርዶ ጥቂት በእግራቸው ያስኬዳቸዋል። ሽቅብ እያለከለኩ፣ እየተሳሳቁ፣ ትንሹን በየተራ አዝለው።

ይህ ነው እንግዲህ «ሽርሽር» የተባለው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እሑድ ከሰዓት ስታዲየም ያዩት ሰዎች እሑድ ጠዋት የት እንደነበረ አልተናገሩም። ቅዳሴ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ትንሹን ልጅ ይዞ። ልጁ ሲያለቅስ ሌላውን ላለመረበሽ ይወጣል፣ ሲተኛለት ይገባል። እንደዚያ እየወጣና እየገባ የሚያስቀድስ ሰው ለፎቶ አይመችም፤ ማንም አያየውም።

መዝሙረ ዳዊትን የምትደግሙ ሁሉ መዝሙር 127ን ታውቁታላችሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው መዝሙር ነው። ለዚህ ሰው ቤተሰብ የአርባው ዕለት ያነበብኩላቸውም እሱን ነው።

«እግዚአብሔርን የሚፈሩት ሁሉ፥ በመንገዶቹም የሚሄዱ ብፁዓን ናቸው። የድካምህን ፍሬ ትመገባለህ፤ ብፁዕ ነህ መልካምም ይሆንልሃል። ሚስትህ በቤትህ እልፍኝ ውስጥ እንደሚያፈራ ወይን ናት፤ ልጆችህ በማዕድህ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ናቸው።»

ቀስ ብለን እንየው። ዳዊት እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ምን እንደሚመስል ሊያሳየን ነው። ወዴት ይወስደናል? ወደ ቤተ መቅደሱ ሊወስደን ይችል ነበር። እሱ ግን በር ከፍቶ ወደ አንድ ሰው ቤት ያስገባናል። ሰውዬው ሠርቶ ገብቷል፤ እጁ ደክሟል። ሚስቱ አለች። ልጆቹ ማዕዱን ከበዋል። በቃ። ከዚያ ወዲያው «እነሆ፥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንዲህ ይባረካል» ይላል። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሚታየው እዚያ ማዕድ ላይ ነው ማለቱ ነው። ለቤተ መቅደሱ ክብር ሳይሰጥ ቀርቶ አይደለም። መዝሙሩ ሳያልቅ «እግዚአብሔር ከጽዮን ይባርክህ» ብሎ ወደዚያው ይመልሰናል። ከጽዮን የወጣው በረከት የሚያርፍበት ቦታ ግን ቤት ነው።

ልጆቹን ደግሞ ለምን ወይራ አላቸው? ወይራ ዛሬ ተክለህ ነገ የምትቆርጠው ዛፍ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ትዕግሥት ይጠይቃል። ከትልቁ ግንድ ሥር ዙሪያውን ቡቃያ ይወጣል። ግንዱ ሲያረጅ፣ ሲቆረጥም እንኳ፣ ከሥሩ የወጡት ይቆማሉ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የመጨረሻው ልጅ ወደ ወንድሞቹና ወደ እኅቱ እየዞረ ሲቆጥራቸው አየሁ።

የዚህ ሰው ማዕድ ምን ይመስል ነበር? አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ባለቤቱ ነግራኝ ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ሬዲዮ አለ። ጨዋታ ሲኖር ሬዲዮው አጠገብ ይቀመጣል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ይቀመጣል። እራት ሲቀርብ ግን ይዘጋዋል። ጨዋታው አምስት ደቂቃ ቢቀረውም፣ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ቢሆንም። ልጆቹ «አባ፣ በእግዚአብሔር!» እያሉ ይለምኑታል። እሱ ተነስቶ አባታችን ሆይ ያስደግማል። እንጀራውን ይባርካል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናታቸው፣ ቀጥሎ ለትንሹ። ከዚያ እያንዳንዱን «ዛሬ ምን አየህ? ዛሬ ምን አየሽ?» ይላል። የትምህርት ቤት ውጤት አይጠይቅም። ያዩትን ነው የሚጠይቀው። ልጆቹም ማታ የሚናገሩት እንዳያጡ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ከፍተው ይውላሉ። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ የሚያውቀው በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ ነው።

እንግዲህ ኳስ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል መሥዋዕት መስሏችሁ ከሆነ፣ ኳስ ወዳችሁ አታውቁም።

ወደ መንገዱ ልመለስ። መዝሙር 127 ከላዩ ላይ የመዓርግ መዝሙር ይላል። ከ119 እስከ 133 ያሉት አሥራ አምስቱ እንደዚያ ነው የሚባሉት። እስራኤል ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ፣ ሽቅብ ሲሄዱ የሚዘምሯቸው ናቸው። አስቡት እስቲ። ስለ ማዕድ፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጆች የሚናገረው መዝሙር የመንገደኞች መዝሙር ነው! ሰዎቹ ቤታቸውን ጥለው አልወጡም፤ ቤታቸውን ይዘው ነው የወጡት። ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ እየተጫወቱ። «እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል» የሚለው መዝሙር 120ም የዚሁ መንገድ ነው።

በኦሪት በዓመት ሦስት ጊዜ በእግዚአብሔር ፊት እንዲታይ የታዘዘው ወንዱ ነው። የጌታችን ቤተሰብ ግን እንዴት ሄዱ? ሉቃስ «ወላጆቹም በያመቱ በፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር» ይላል። እመቤታችንም አለች፤ ልጇም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አብሮ ወጣ። ሲመለሱ «ከመንገደኞች ጋር የነበረ ስለ መሰላቸው» የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዘመድ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ልጅ ከልጅ ጋር ተቀላቅሎ የሚኬድበት መንገድ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሄደው ትላላችሁ?

እዚህ ላይ ቁጣዬን መደበቅ አልችልም። መንፈሳዊ ጉዞ የሚባለው ነገር በእኛ ዘመን የወንዶች ማምለጫ እየሆነ ነው። ሁሉም አይደለም፤ ግን ብዙ አይቻለሁ። አባወራው በየወሩ ጉዞ አለው። ዛሬ ዝቋላ፣ ቀጥሎ ግሸን፣ ከዚያ ሌላ። አውቶቡስ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ይዘምራል፣ ያለቅሳል። ሚስቱ ቤት ናት። ታማሚ ልጅ ይዛ፣ ኪራይ አልተከፈለም፣ ጋዝ አልቋል። ሲመለስ ጸበል ያመጣላታል። እሷ የምትፈልገው ጸበሉን አምጥቶ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ጢሞቴዎስ የተጻፈለትን አንብቡት፦ «ነገር ግን ለእርሱ ስለ ሆኑት ይልቁንም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ማንም ቢሆን፥ ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» (1ኛ ጢሞ 5፥8)። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ከባድ ቃል ለመናገር አልደፍርም ነበር።

ዔሊን አስታውሱ። ካህን ነበር። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው የኖረው፤ ሳሙኤልን ያሳደገ ሰው ነው። ስለ ልጆቹ ግን መጽሐፉ «የዔሊም ልጆች ምናምንቴዎች ነበሩ፤ እግዚአብሔርንም አያውቁም ነበር» ይላል (1ኛ ሳሙ 2፥12)። በአባታቸው ጉያ፣ በመሠዊያው አጠገብ አድገው እግዚአብሔርን አያውቁም! የሰው ልጅ አስተምሮ የራሱን የጣለ አባት። ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር የምንጮኸው እኛ መምህራን ትዝ ይሉኛል። ማይክሮፎን ስንይዝ አባት ነን፤ ቤት ስንገባ እንግዳ።

እና የእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለባት። ታውቁታላችሁ። ምሳ ተበልቶ ፀሐይ ስትበረታ በርጫ ይጀመራል። አባት ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዞ ዓለምን ያስተካክላል። ምርቃና ሲመጣ ልጁን ዶክተር ያደርጋል፣ ቤት ይሠራል፣ ሚስቱን ወርቅ ያለብሳል። ሲመሽ ግን ልጁ ተኝቷል። ይህ የሚሆነው «የዓለም ሰው» በሚባለው ቤት ብቻ አይደለም። ክር ያሰርን ሰዎች ቤትም አለ። ያ ጋራዥ ሠራተኛ እነዚያን ሰዓታት ነው ለልጆቹ የሰጣቸው። ኳሱን ይዞ የወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ለእኔ ይህ ትንሽ ተጋድሎ አይደለም።

ስለ ስፖርቱም አንድ ነገር ልበል። ወጣቶቹ «ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል» የሚለውን ጥቅስ ጠቅሰውት ነበር። ልክ ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ብሏል (1ኛ ጢሞ 4፥8)። እግዚአብሔርን መምሰል ለነገር ሁሉ እንደሚጠቅም ሲያስተምር ነው ያለው። ግን «ለጥቂት ይጠቅማል» አለ እንጂ ኃጢአት ነው አላለም። ራሱ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «በእሽቅድምድም ስፍራ የሚሮጡት» እያለ ነው ያስተማረው። ሊሞት ሲል እንኳ «ሩጫውን ጨርሻለሁ» ብሎ ነው የተናገረው። ሯጭ አይቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም።

የአባ እንጦንስን ታሪክ ደግሞ ስሙ። የመነኮሳት አባት ነው። አንድ አዳኝ በበረሃ ሲያልፍ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወትና ሲስቅ አየውና ደነገጠ። አባ እንጦንስ «ቀስትህን ገትርና ወርውር» አለው፤ ወረወረ። «ድገም» አለው፤ ደገመ። «አሁንም ድገም» ሲለው አዳኙ «አብዝቼ ከገተርኩት ይሰበራል» አለ። አባ እንጦንስም «የእግዚአብሔርም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ወንድሞችን ከመጠን በላይ ከገተርናቸው ይሰበራሉ» አለው። በረሃ የወረደ መናኝ እንዲህ ካለ፣ ስምንት ሰዓት መኪና ሥር ተኝቶ የዋለ አባት ኳስ ቢመታ ምን ይባላል?

«ለጥቂት» የተባለው ጥቅም ደግሞ አንድ ሌሊት ብዙ ሆኖ ታይቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ የመጣውን የማታስታውሱ የድሬ ሰዎች አትኖሩም። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ የመጣው የተኛ ሰው ላይ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በለቅሶው ላይ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቱ፣ ዛሬ በጣም ያረጁ እናት ናቸው፣ ድንኳን መሐል ቆመው ተናገሩ። «ይህ ልጅ ሚስቱንና ልጆቹን ከፍ ያለው ቦታ አድርሶ ተመልሶ መጣ። እኔን በጀርባው አዘለኝ። አስቀመጠኝና እንደገና ሄደ። እንደገና። ውሃው ደረቱ ድረስ ነበር። እግር ነበረው ልጄ» አሉ። «እግር ነበረው» ሲሉ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ያን እግር ኳስ ነው ያጠነከረው። የሮጠበትን ልብ ግን ኳስ አልሰጠውም።

ይህን ስል ስፖርት የሚባለው ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ልጆቻችን ዛሬ ኳስ ከማየት ይልቅ ቤቲንግ ቤት ተኮልኩለው ነው የሚውሉት። የትምህርት ቤት ክፍያ አስይዞ የሚቆርጥ ልጅ አውቃለሁ። ለማያውቀው የውጭ ክለብ ብሎ ወንድሙን የሚሳደብ፣ የሚደባደብም አለ። የእናት ስም እያነሱ መሳደብ ክርስትና አይደለም፤ ሰውነትም አይደለም። ወንድማችን የቤቲንግ ትኬት ቆርጦ አያውቅም። «ኳስ ያስደስተኛል፤ ገንዘብ ካስያዝኩበት ግን ያስፈራኛል» ይል ነበር። ከዚህ የተሻለ ስብከት እኔ የለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

በአርባው ቀን መዝሙር 127ን አንብቤ ስጨርስ ባለቤቱ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «መምህር፣ መጨረሻውን ለምን ዘለሉት?» አለችኝ። አልዘለልኩትም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር ያነበብኩት። መጨረሻው «የልጆችህንም ልጆች ታያለህ» ነው የሚለው። የመጀመሪያ ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት። አባቷ ሲያርፍ ወራት ነበር የቀራት። የሕፃን ካልሲ የመሰለች ትንሽ የኳስ ጫማ ገዝቶ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጧል፤ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ። «እግዚአብሔርን ፈርቶ ነው የኖረው። ታያለህ ብሎት የለ? ታዲያ ለምን አላየም?» አለችኝ።

እኅቴ፣ ለዚህ አፍ የሚያዘጋ መልስ የለኝም። «እግዚአብሔር ለበጎ ነው» ብለው ቶሎ የሚያልፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ። አልቅሺ። ማንም «ክርስቲያን አያለቅስም» ቢልሽ አትስሚው። ሐዋርያው «ተስፋ እንደሌላቸው» አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም።

ግን አንድ ቃል አለ፤ እሱን ብቻ ልስጥሽ። በዕብራውያን 11 ላይ ስለ አብርሃምና ስለ ልጆቹ «እነዚህ ሁሉ አምነው ሞቱ፥ የተሰጣቸውን የተስፋ ቃል አላገኙምና፤ ዳሩ ግን ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት፥ በምድሪቱም እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ታመኑ» ይላል። ከሩቅ ሆነው ተሳለሙት! ደንገጎን ወጥተሽ፣ መንገዱ ገና እያለ፣ ሰዎች ከመኪና ሳይወርዱ ወደ ቁልቢ ዞረው ሲሳለሙ አይተሽ አታውቂም? ደጁን አልረገጡም። መሳለማቸው ግን እውነት ነው። ባልሽ የልጅ ልጁን እንደዚያ ነው የተሳለመው። ጫማ ገዝቶ። የተስፋው ቃል በእሱ ዓይን አልተፈጸመም፤ በቤቱ ግን ይፈጸማል። አብርሃምም ቢሆን ዘሩን እንደ ሰማይ ከዋክብት በዝቶ አላየም።

ደግሞም በዓሉን አስቢ። ሐምሌ 19 የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያዳነበትን ነው። ኢየሉጣ ስደተኛ እናት ናት። ሕፃኗን ይዛ አገሯን ለቃ ሸሸች፤ የሸሸችው መኮንን እዚያም አገኛት። ውሃው ተፈላ፤ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ተሰማ። እሷ ፈራች። አዎ፣ ቅድስቲቱ ፈራች፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን አልደበቀችውም። ያበረታት ማን ነው? የሦስት ዓመት ልጇ። «እናቴ ሆይ አትፍሪ፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነ እኛንም ያድነናል» እያለ። መልአኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ለምን አነሳሁት? ከቀብሩ ማታ የሆነውን ስለሰማሁ ነው። ሰው ሁሉ ሄደ፣ ቤተሰቡ ብቻ ቀረ። እራት ቀረበ፤ ማንም አልነካም። እናት አንገቷን ደፍታለች። ትንሹ ልጅ ተነሣና ቆመ። አባቱ በሚቆምበት ቦታ። «እማ፣ አባታችን ሆይ እንበል» አለ። አሉ። ሲጨርሱ እንጀራ ቆረሰና መጀመሪያ እናቱን አጎረሳት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ትልቅ እኅቱን «ዛሬ ምን አየሽ?» አላት።

እንግዲህ እናንተ ሁለታችሁ ወጣቶች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ሰውዬው ይጸድቃል ወይ ላላችሁት እኔ የምመልሰው የለኝም። ያን ልጅ ጠይቁት። እናንተን ለማዋረድ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ትጋታችሁን እወዳለሁ። ነገ ትዳር ትይዛላችሁ፣ ልጅ ትወልዳላችሁ። ያኔ አገልግሎት የምትሉት ነገር ግማሹ በሌሊት ተነሥቶ ጡጦ ማሞቅ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ ቤተ ክርስቲያን መሆን አለበት። ጵርስቅላና አቂላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ ሐዋርያው ግን «በቤታቸውም ላለች ቤተ ክርስቲያን» ሰላምታ ላከ (ሮሜ 16)።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ትገባለች። በሱባዔው ሰሞን ብዙ ሰው ገዳም ይወርዳል፤ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። አባወራዎችን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለቤታችሁን ጠይቋት። «እኔ ልሂድ?» ሳይሆን «እንዴት አብረን እንሂድ?» ብላችሁ። ገንዘብ ካጠረ እዚሁ አጥቢያችን ኪዳን አለ፣ ቅዳሴ አለ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። ሲያለቅሱ እየወጣችሁ፣ ሲተኙ እየገባችሁም ቢሆን አስቀድሱ። ልጅ ጮኸ ብሎ የሚገላምጥ ካለ ለእኔ ንገሩኝ።

የወንድማችን ሰማንያ ቀን መታሰቢያ በአጥቢያችን ይደረጋል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ያሳውቃችኋል። ልጆቹ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው በዚያ ሰሞን በስሙ ኳስ ሊያጫውቱ አስበዋል፤ ኳስና መለያ መግዛት የምትችሉ እርዷቸው። ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለባለቤቱና ለልጆቹ መጽናናትን፣ ለምትወልደውም ልጁ በሰላም መገላገልን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።